ቮልሷ ስታጉረመርም

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስተው፣ ሰንዳፋንና ሸኖን አልፈው ወደ ደብረ ብርሃን እየተቃረቡ ነው። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ከአባትዎ የወረሷት ቮልስ እንደ ወትሮዋ እየተንጣጣች ትሄዳለች። ከለመዱት ድምፅ በታች ግን ሌላ ነገር ይሰማዎታል፤ ፍጥነት ሲጨምሩ የሚጨምር፣ ሲቀንሱ የሚቀንስ፣ እንደ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታ። ራዲዮኑን ከፍ አድርገው ሊያልፉት ይችሉ ይሆናል። ጉዞዎ ወደ ደብረ ሲና ከሆነ ግን ከፊትዎ የጣርማበር ቁልቁለት አለ። እዚያ ሳይደርሱ የድምፁን ምንጭ ማወቅ ይኖርብዎታል።

ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ይህች መኪና በፈረንጆቹ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ ቢያበቃም፣ በእኛ መንገዶች ላይ ዛሬም አለች። አሠራሯ ቀላል ስለሆነ ብዙውን ችግሯን ለመለየት ጆሮና እጅ ይበቃሉ።

መጀመሪያ ያዳምጡ

ሜዳ መንገድ ላይ፣ ከኋላዎ መኪና በሌለበት፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ባዶ ያድርጉ። ድምፁ ካልተለወጠ ሞተሩ ነፃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ወይም የኩሽኔታው ነው። የመንገዱ ንጣፍ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ጎማውን ይጠርጥሩ። ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚብስ ከሆነ ጭነቱ ያረፈበትን የቀኙን ኩሽኔታ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከሆነ የግራውን ይመልከቱ። ሲነሱና ነዳጅ ሲለቁ «ቋ» የሚል ከሆነ ደግሞ የኋላውን ታምቡር የያዘው ትልቁ ዳዶ ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ይነቅንቁ

የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ፊቱን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉና ይድገሙት። እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ችግሩ ከእሱ ጀርባ ባሉት መገጣጠሚያዎች ነው። ጎማውን በእጅዎ ሲያሽከረክሩት አሸዋ እንደገባበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ማጥበቅ አያድነውም፤ ኩሽኔታው ይለወጣል።

ሲያጠብቁ

የፊቱ ኩሽኔታ ጥብቅ መሆን የለበትም። ጎማውን እያሽከረከሩ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ከዚያ ከዳዶው ጀርባ ያለው ቀለበት በካቻቢቴ ገፋ ሲደረግ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ጥቂት ያላሉት። የሚፈቀደው ክፍተት ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ግሎ ይቃጠላል። የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ መሆኑን አይርሱ፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። የፍጥነት መለኪያው ሽቦም በዚያው በኩል ያልፋል።

የኋላው 36 ቁጥር ዳዶ ግን ሌላ ነው። 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። በተራ ቁልፍ «ጠብቋል» ብሎ መተው የታምቡሩን ጥርስ ያስበላል። ይህን ለጋራዥ ይተዉት።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ብርዱ ቸኩለው ሻይ ቤት እንዲገቡ ይገፋፋዎታል። ከዚያ በፊት ግን መኪናዋን አንድ ጊዜ ዙሩ፤ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሐል ጠጋ ያድርጉ። አንዱ ከጓደኛው ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ተይዟል። ሻይዎን ይጠጡ፤ ልጆቹም ይሞቁ፤ ቁልቁለቱ ግን መካኒክ እስኪያያት ይቆይ።