ያውቁ ኖሯል? «ወራጅ አለ!» በእንግሊዝኛ

ከሜክሲኮ አየር ጤና የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፍረዋል። ጦር ኃይሎችን አለፉ፤ መውረጃዎ ደረሰ። «ወራጅ አለ!» አሉ። ወራጁ እርስዎ ራስዎ ሆነው ሳሉ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላል።

ያውቁ ኖሯል? ይቺን «መውረድ» እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍላታል። ከአውቶቡስ፣ ከባቡር፣ ከአውሮፕላን፣ ከፈረስ ሲወርዱ «ጌት ኦፍ» ይባላል፤ ከቤት መኪና ወይም ከላዳ ሲወርዱ «ጌት አውት ኦፍ»። ቆመው የሚራመዱበት ወይም ጀርባው ላይ የሚፈናጠጡበት ከሆነ «ኦፍ»፣ ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት ከሆነ «አውት»። ታዲያ የኛ ሚኒባስ ከየትኛው ይመደብ? ስሙ ታክሲ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉም አይገባበትም። ግን መስመር ይዞ እየጫነ እያወረደ ነውና የሚሄደው፣ እኔ «ጌት ኦፍ» እላለሁ።

«ጌት አውት!» ብቻውን ሲሆን «ውጣ!» ነው፤ ረዳቱ ላይ እንዳይሞክሩት። ወዳጅ ለወዳጁ በመገረም ሲለው ደግሞ «አትለኝም!» እንደማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከታክሲ እንወርዳለን፣ ከሥራ እንወጣለን። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ጌት ኦፍ» ይላል። ተከሳሽ ሳይቀጣ ቢቀርም ያው «ጌት ኦፍ» ነው።

እንደ «ጌት ኦፍ» ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ትርጉም የሚሰጥ ግስ «ፍሬዘል ቨርብ» መባሉ የታወቀው በጸሐፊው ሎገን ፒርሳል ስሚዝ የ1925 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ካምፕ የጦር ስልጠና ጀምረው ነበር። ስድስት ወር የታሰበው በስምንት ሳምንት ተቋረጠ፤ በአስቸኳይ ወደ አገርዎ ይመለሱ የሚል ቴሌግራም መጣ። መመለስም «ጌት ባክ» ነው፤ ያቺው «ጌት»፣ ጭራዋን ለውጣ።

አማርኛም የራሱ ተጣማሪ ግስ አለው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል፤ ተሳፋሪው ጠጋ ይላል፣ ሂሳብ የጠፋበት ዝም ይላል፣ ወራጁ ብድግ ይላል። ሁሉም የሚታሰሩት «አለ» በምትባል ግስ ነው። ግን «ብድግ አለ» ውስጥ ያለችው «ለ» ላልታ ትነበባለች፤ «ወራጅ አለ» ውስጥ ያለችው ትጠብቃለች። ፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል። አንድም ተሳፋሪ ግን ተሳስቶ አያውቅም፤ በተለይ መውረጃው ሊያልፈው ሲል።