ካርታው ሌላ፣ አጥሩ ሌላ

በአዲስ አበባ ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ግንቡንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ቦታው ራሱ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥ በአንቀጽ 40 አጽንቷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል። ስለዚህ ገንዘብን ቤት ላይ ማዋል በአመዛኙ የወረቀት ጉዳይ ነው። ገዢዎች ግን ሴራሚኩንና ቁም ሳጥኑን ሲያዩ ይውሉና ካርታውን ከደላላው ስልክ ላይ በፎቶ አይተው ያልፋሉ።

ካርታ ከማኅደሩ ጋር ካልታየ አልታየም። ኮፒው የሚናገረው የተሰጠበትን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገባው የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እግድና የሊዝ ውዝፍ ያለው መሬት ጽሕፈት ቤት ፋይል ውስጥ ነው። ሜትር መዘርጋትም አይቀርም። ካርታው 175 ካሬ እያለ አጥሩ 210 ካሬ ከከለለ፣ 35ቱን ካሬ ሻጩ ራሱ የለውም። ዋጋው ግን በ210 ተባዝቶ ሊጠራ ይችላል።

ክርክር በብዛት የሚመጣው ከትዳር ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 63 የባልና ሚስት ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ በአንቀጽ 68 ደግሞ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መክሰስ ይችላል። «ባለቤቴ ታውቃለች፣ ክፍለ አገር ስለሄደች ነው» የሚል ሻጭ እስክትመለስ ቢጠበቅ የሚጎዳ የለም። ላጤ ነኝ የሚል ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ፣ የተፋታ የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያምጣ። የውርስ ቤት ሲሆን ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ፤ አንዱ ወንድም ውጭ አገር ስላለ አይታለፍም።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ባለቤት ቤቱን በውክልና ሲሸጥ፣ ወረቀቱ ቃል በቃል መነበብ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ወካዩ ሲሞትም ሥልጣኑ ያበቃል። ወካዩን በስልክ በምስል ማነጋገር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን የሚያደርግ ገዢ ግን ጥቂት ነው።

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ማኅደሩ ከታየ በኋላ ይሰጣል።

ለማከራየት የሚገዛ ሰው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ያስላ፤ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይወሰንም።

ውልና ማስረጃ የተፈረመ ሽያጭ ገና ሥራው አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው፤ ስም እስኪዞር ድረስ የሻጩ አበዳሪ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። የመጨረሻው ሲፒኦ እስከዚያ ቀን ድረስ ከገዢው እጅ ባይወጣ ይመረጣል።