ከድንጋይ ሥር ያለችውን መቁጠር

በካሪቢያን ባሕር ላይ የምትገኘው ዩኒየን ደሴት የሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ግዛት ናት። ስፋቷ ከ9 ካሬ ኪሎ ሜትር አይዘልም፤ ነዋሪዋም 3,000 ቢሆን ነው። ከቻተም ወሽመጥ በላይ በቀረው አሮጌ ደን ውስጥ ግን በዓለም ላይ ሌላ የትም የማትገኝ ጌኮ ትኖራለች። ጅራቷን ሳይጨምር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትሆን፣ በቀይ፣ በጥቁርና በነጭ ነጠብጣብ በዶቃ ያጌጠች የምትመስል እንሽላሊት ናት።

ሳይንስ ስም ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መኖሪያዋ በታወቀ ማግሥት የቤት እንስሳ ነጋዴዎች ደረሱባት። ድንጋይ ገልብጠው፣ የበሰበሰ ግንድ ፈልጠው ይሄዳሉ፤ እርጥቡ ጥላ ሲጠፋ ከእጃቸው ያመለጠችውም መጠለያ ታጣለች።

ጌኮዎቹን የሚቆጥረው ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ድንጋይ ማንሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ድንጋዩንም እንደነበረ ይመልሳል። ያየውን ብቻ ደምሮ ቢሄድ ግን ቆጠራው ከንቱ ነው፤ በደረቅ ቀን የተሰወረችው ዝናብ ሲጥል ትወጣለችና። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይፈትሻል። ጌኮ እንዳለበት የተረጋገጠው ቦታ በስንት ፍተሻ ባዶ መስሎ እንደታየ ሲታወቅ፣ ዓይን ምን ያህሉን እንደሚስት መገመት ይቻላል። የደኑ አጠቃላይ ቁጥር የሚሰላው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰው በሚኖርበት ደሴት ነዋሪውን መጠየቅም የሥራው አካል ነው፤ መልሱን ግን ማጣራት ያስፈልጋል። በካሪቢያን ቤቶች ግድግዳ ላይ ማታ ማታ ትንኝ የሚያድነው ጌኮ በአብዛኛው ከእኛው አፍሪካ የሄደ ዝርያ ነው። «ጌኮማ ቤታችን ሞልቷል» የሚል ሰው አልዋሸም፤ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ጌኮ ነው።

በ2018 የዩኒየን ጌኮ ቁጥር ወደ 10,000 ተገምቶ ነበር። በ2019 ዓለም አቀፍ ንግዷ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ታገደ፤ የደሴቲቱ ልጆችም ደኑን በየዕለቱ መጠበቅ ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተደረገው ቆጠራ ወደ 18,000 አደረሳት። እኔ ከወረቀቱ ይልቅ ለጠባቂዎቹ ነው የማደላው፤ ወደ ደሴቲቱ በጀልባ ለሚመጣ ሌባ ሕግ ብቻውን ምን ያደርጋል?

በጁላይ 2024 መጀመሪያ በሪል የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ቤቶች ከሞላ ጎደል አፈራረሰ፤ የደኑንም ዛፎች ቅጠል ገፈፈ። ጥላ የሌለው ድንጋይ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ 18,000 የሚለው ቁጥር ከነፋሱ በፊት የነበረውን ደን እንጂ የዛሬውን አይገልጽም።