ዋና ከተማ የሌላት ቶከላው

በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዓለም ካርታ ዳር ዳሩ ተቀዳዷል፤ ደግነቱ ሰላማዊው ውቅያኖስ መሐል ላይ ስለሆነ አልተነካም። የጂኦግራፊ ክበባችን አባላት በዚህ ዓመት ስሙን ሰምተነው ስለማናውቀው አንድ ቦታ እናንብብ ብለን ካርታው ፊት ቆመን ነበር። ከሳሞአ ደሴቶች ከፍ ብሎ «ቶከላው» የሚል ጽሑፍ አገኘን። መሬቱን ግን ማግኘት አቃተን። ከቤተ ሙከራ አጉሊ መነጽር ተውሰን ስንመለከት ከጽሑፉ ሥር ሦስት ነጥቦች አሉ። ስሙ ከሀገሩ ይሰፋል!

ስለነዚያ ሦስት ነጥቦች ያነበብነውን ለወላጆቻችን፣ ለመምህራኖቻችንና ለታናናሾቻችን እናካፍል ብለን ይህን ጽፈናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጥቦቹ አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ ይባላሉ። በመካከላቸው ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ክፍት ባሕር ስላለ ከአንዱ ሆኖ ሌላውን ማየት አይቻልም። ሦስቱም «አቶል» የሚባሉ የደሴት ዓይነቶች ናቸው። አቶል እንዴት እንደሚፈጠር ቻርልስ ዳርዊን ያስረዳው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከባሕር ወለል እሳተ ገሞራ ተነሥቶ ተራራማ ደሴት ይሆናል። በዙሪያው፣ ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት የኖራ ድንጋይ እየሠሩ ይከቡታል። ተራራው በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲሰምጥ ኮራሎቹ ግን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ መገንባታቸውን ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ተራራው ይጠፋና ቀለበቱ ብቻ ይቀራል፤ በመሐሉ ጸጥ ያለ የባሕር ውኃ፣ በቀለበቱ ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ሞገድ ያከማቸው አሸዋና የኮራል ስብርባሪ። ሰው የሚኖረው በዚህ ስብርባሪ ላይ ነው።

የሦስቱም መሬት ቢደመር 12 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። ባሕራቸው ግን ከ300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 5 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ከዚያ ይበልጣል። ወንዝና ምንጭ የለም። የመጠጥ ውኃ ማለት ከጣሪያ ላይ ተሰብስቦ በማጠራቀሚያ የሚቀመጥ ዝናብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ዝናቡ በመቅረቱ ማጠራቀሚያዎቹ ደርቀው፣ የቀረው ውኃ ለአንድ ሳምንት እንኳ የማይበቃ ሆኖ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውኃም በመርከብ ተላከላቸው። በዙሪያቸው ከውኃ በቀር ምንም አይታይም፤ የሚጠጣው ግን በመርከብ ይመጣል። ጅቡቲ ለምንኖር ለእኛ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደዚያ መሄድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ተጓዡ መጀመሪያ ወደ ሳሞአ ዋና ከተማ ወደ አፒያ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ እንደማለት ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ በመርከብ ይጓዛል። ሲደርስም እዚህ ወደባችን ላይ የምናየው ዓይነት የመርከብ ማስጠጊያ አይጠብቀውም። መርከቡ ከኮራሉ ግንብ ውጭ ሞገድ እያወዛወዘው ይቆማል፤ ሰውም ዕቃም ወደ ትናንሽ ጀልባዎች ወርዶ በጠባብ መግቢያ በኩል ወደ ደሴቱ ይገባል። በጠና የታመመ ሰው ለሕክምና ወደ አፒያ የሚሄደውም በዚሁ ባሕር ላይ ነው።

የሚኖረው ሕዝብ በ2016 ዓ.ም. ቆጠራ 1,500 ገደማ ነበር። ቋንቋቸው ቶከላውኛ ነው፤ ከሳሞአኛና ከቱቫሉ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበቡት በሳሞአኛ ስለነበር ሽማግሌዎቹ እሱንም ያውቃሉ። በሃይማኖት አታፉ ፕሮቴስታንት፣ ኑኩኖኑ ካቶሊክ ሲሆኑ በፋካኦፎ ሁለቱም አሉ። ምግባቸው ዓሣ፣ ኮኮናት፣ የዳቦ ፍሬና ፑላካ የተባለ የጎደሬ ዘመድ ነው፤ ሩዝና ዱቄት ከመርከቡ ይወርዳል።

ከባህላቸው ሁላችንም የወደድነው «ኢናቲ» የሚባለውን ነው። መንደሩ በጋራ አጥምዶ ሲመለስ ዓሣው አንድ ላይ ባሕሩ ዳር ይዘረገፋል። ከዚያ ለየቤተ ዘመዱ እንደ ሰው ብዛቱ ይከፋፈላል። ጀልባ ላይ የወጣና ያልወጣ አይባልም፤ መበለቷም፣ አልጋ ላይ ያሉት ሽማግሌም ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ክፍፍሉ ምጽዋት አይደለም፤ ተቀባዩ የሚያመሰግነው ሰው የለም፤ የራሱን ድርሻ ነው የሚወስደው።

ታሪካቸው ግን ሁልጊዜ እንዲህ ረጋ ያለ አልነበረም። በ1863 ዓ.ም. ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋይ መርከቦች 250 ያህል ሰዎችን ይዘው ሄዱ። ይህ ቁጥር ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ ነበር፤ ከተወሰዱት የተመለሰ የለም ማለት ይቻላል። የቀሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው መንደሮቹን እንደገና ያቆሙት። በ1889 ዓ.ም. ብሪታንያ ደሴቶቹን በጥበቃዋ ሥር አደረገች፤ በ1926 ዓ.ም. አስተዳደራቸው ለኒውዚላንድ ተላለፈ፤ ከ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የኒውዚላንድ ግዛት አካል ሆኑ፤ ነዋሪዎቹም የኒውዚላንድ ዜጎች ናቸው። አራተኛ ደሴትም ነበራቸው፤ ኦሎሄጋ ትባላለች። አንድ የአሜሪካ ተወላጅ ቤተሰብ ሰፍሮባት በ1925 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሳሞአ ተጠቃለለች፤ በ1980 ዓ.ም. በተፈረመ ውልም እንደዚያው ሆና ቀረች። አረጋውያኑ እስከ ዛሬ ያነሷታል።

አሁን ወደ መንግሥታቸው እንምጣ። ቶከላው ዋና ከተማ የላትም። በየመንደሩ «ታውፑሌጋ» የሚባል ጉባኤ አለ፤ አባላቱ የቤተ ዘመድ አለቆችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ አሰያየማቸው ከደሴት ደሴት ይለያያል። ጀልባ መጠገን፣ ትምህርት ቤት ማደስ፣ ዓሣ መቼ እንደሚጠመድ መወሰን የዚህ ጉባኤ ሥራ ነው፤ የመንደሩ ወንዶች ኅብረት የተባለውን ይፈጽማል፤ የሴቶቹም ማኅበር የራሱ ድርሻ አለው። ሕዝቡ በየሦስት ዓመቱ ለየመንደሩ «ፋይፑሌ» የሚባል መሪ ይመርጣል። ሦስቱ ፋይፑሌዎች እያንዳንዳቸው ለአንድ ዓመት በየተራ የመላው ቶከላው መሪ ይሆናሉ። የማዕረጉ ስም «ኡሉ» ነው፤ ትርጉሙ ራስ ማለት ነው። ራስ እገሌ በሚል ማዕረግ ላደገ አማርኛችን ይህ እንግዳ አይሆንም። የመንግሥቱም መቀመጫ ከኡሉው ጋር ከደሴት ወደ ደሴት ይዞራል።

ሦስቱን መንደሮች የሚወክል «ጠቅላላ ፎኖ» የሚባል ሸንጎም አለ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ያወጣል። ከኒውዚላንድ የሚሾመው አስተዳዳሪ የሚሠራው ዌሊንግተን ሆኖ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥልጣኑ ለሦስቱ ታውፑሌጋዎች ተሰጠ፤ እነርሱ ደግሞ አገር አቀፍ የሆነውን ጉዳይ ለፎኖው ያስተላልፋሉ። በትምህርት መጻሕፍታችን ሥልጣን ከማዕከል ወደ ቀበሌ ሲወርድ ነው የምናነበው፤ እዚያ ከመንደር ወደ ላይ ይወጣል።

ታዲያ እንዲህ ራሱን የሚያስተዳድር ሕዝብ ለምን ነጻ አልሆነም? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቶከላውን ራሳቸውን ማስተዳደር ገና ያልጀመሩ ግዛቶች በሚለው መዝገብ ውስጥ ካስገባት ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳለች ነው። ኒውዚላንድም ጥያቄውን ለሕዝቡ አቀረበች፦ ዜግነታችሁና ድጋፋችሁ ሳይቋረጥ፣ በነጻ ፈቃድ ከእኛ ጋር የተሳሰረ የራሳችሁ መንግሥት ትሆናላችሁ ወይ? እንዲጸድቅ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ እንዲያገኝ ተስማሙ። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የድምፅ መስጫው መጀመሪያ አፒያ ተከፈተ፤ ከዚያ አስፈጻሚዎቹና የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች በመርከብ ወደ አታፉ፣ ከአታፉ ወደ ኑኩኖኑ፣ በመጨረሻም ወደ ፋካኦፎ ሄዱ። 349 ሰው ደገፈ፤ 232 ተቃወመ። 60 ከመቶ ስለሆነ አልበቃም። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ተደገመ፤ 446 ደገፉ፣ 246 ተቃወሙ። ለማጽደቅ 16 ድምፅ ጎደለ። አሥራ ስድስት! በክበባችን ካለነው እንኳ ያንሳል።

የተቃወሙት ለምን ተቃወሙ? ዛሬ የተገባ ቃል ነገ ይረሳል፤ ኒውዚላንድ ቀስ በቀስ እጇን ትሰበስባለች ብለው የሠጉ ብዙ ነበሩ። ሥጋታቸው ከንቱ አይመስለንም። ከበጀታቸው ትልቅ ድርሻ ከዚያ ይመጣል፤ የራሳቸው ዋና ገቢ ደግሞ በሰፊው ባሕራቸው ቱና ከሚያጠምዱ የውጭ መርከቦች የሚሰበሰብ የፈቃድ ክፍያ ነው። ለአንድ ጊዜ ያልታሰበ ገቢም አግኝተው ነበር፤ በኢንተርኔት ላይ የተመደበላቸውን «ነጥብ ቲኬ» የተባለ የአድራሻ መጨረሻ አንድ የውጭ ድርጅት ለዓለም በነጻ እያደለ ጥቂቱን ይከፍላቸው ነበር፤ አጭበርባሪዎች በዝተውበት ስሙን አበላሹት እንጂ።

እንዲህም ሆኖ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2012 ዓ.ም. በኒውዚላንድ ገንዘብ ከ4,000 በላይ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ሰሌዳዎች በሦስቱም ደሴቶች ተተክለው፣ በዓመት በርሜል በበርሜል ይመጣ በነበረው ናፍጣ ፈንታ መብራታቸውን ከሞላ ጎደል ከፀሐይ ማግኘት ጀመሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ከሳሞአ ጋር ተስማምተው ዕለት ለዋጩን መስመር ተሻገሩ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ተኝተው ሲነቁ 31 ሆነ። በዚያ ዓመት ልደቱ ታኅሣሥ 30 የሆነ ልጅ ምን እንዳለ ብናውቅ ደስ ባለን።

የሚያሳስባቸው ባሕሩ ነው። በ2005 ዓ.ም. ፐርሲ የተባለው አውሎ ነፋስ ሞገዱን በመንደሮቹ ላይ አሳልፎ ቤትና እርሻ አበላሽቷል። ጨው ውኃ የገባበት የፑላካ ጉድጓድ ቶሎ አያገግምም። የዓለም ሙቀት እየጨመረ የባሕሩ ወለል ሲነሣ፣ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ሀገር ማፈግፈጊያ ተራራ የለውም። የባሕር መከላከያ ግንብ እየሠሩ ነው።

መሰደድ የጀመሩት ግን ከዚያ ቀድመው ነው። በ1966 ዓ.ም. ማዕበል ደሴቶቹን ከመታ በኋላ የኒውዚላንድ መንግሥት ቤተሰቦችን እየወሰደ ማስፈር ጀመረ፤ ብዙዎቹ በዌሊንግተን አካባቢ ሰፈሩ። ዛሬ በኒውዚላንድ ከ8,000 በላይ የቶከላው ተወላጆች አሉ፤ ደሴቶቹ ላይ ካለው ሰው ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። እዚያ የተወለዱት ልጆች ቋንቋውን እየተዉት ስለሆነ ወላጆች የሕፃናት መዋያ ከፍተው በቶከላውኛ ያስተምራሉ፤ በየዓመቱም የቋንቋው ሳምንት ይከበራል። ይህን ቦታ ስናነብ እርስ በርስ ተያየን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአማርኛ ክፍል ስንመጣ የምናጉረመርመው እኛው ነንና።

በሁለቱም ሕዝበ ውሳኔዎች እነዚያ በኒውዚላንድ ያሉት ድምፅ መስጠት አልቻሉም። የመምረጥ መብት የነበረው ለነዋሪዎቹ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ውኃ የሚጠማውና መርከብ የሚጠብቀው እዚያ ያለው ስለሆነ መወሰን ያለበትም እሱ ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ገንዘብ የሚልከው፣ አያቱ እዚያ የተቀበረችው፣ ባሕሩ ከፍ ሲል የቀሩትን የሚቀበለውም እሱ ሆኖ እንዴት ድምፅ ይከለከላል አልን። አስታራቂ ሐሳብ ያመጣም ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ከሚሆን እንደ ኢናቲ በቤተ ዘመድ ቢቆጠርስ? የሚል። ያን ለማስላት ጠመኔ አንሥተን ሰሌዳው ፊት ቆመን ሳለ ደወል ተደወለ።