የወገብ ሕመምን በቡድን ማከም

ከ3 ወር በላይ የዘለቀ የወገብ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ኤክስሬይም ሆነ ኤምአርአይ የሕመሙን መነሻ በቁርጥ አያሳይም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ እንቅስቃሴን መፍራት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የጡንቻ መዳከምና የሥራ ጭንቀት እየተደራረቡ ያከርሙታል። የቡድን ተሃድሶ ሕክምና የተፈጠረው ይህን ሁሉ አንድ ባለሙያ ብቻውን ሊወጣው ስለማይችል ነው።

ለዚህ አሠራር መንገድ ከጠረጉት አንዱ በአሜሪካ የሠራው የሰመመን ሐኪም ጆን ቦኒካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም የሌላ ሙያ ሐኪሞችን እያማከረ ይሠራ ነበር፤ ኋላም በሲያትል ልዩ ልዩ ባለሙያዎች አብረው የሚያክሙበት የሕመም ክሊኒክ አቋቋመ። በወጣትነቱ በትግል ስፖርት እየተወዳደረ ይተዳደር ስለነበር ሕመምን ከራሱ ሰውነትም ያውቀው ነበር። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ደግሞ ቶም ሜየርና ሮበርት ጋቸል በዳላስ የወገብ ታማሚዎችን ወደ ሥራ የሚመልስ መርሐ ግብር ዘረጉ።

በቡድኑ ውስጥ ሐኪሙ አስቀድሞ ስብራት፣ ካንሰርና የአከርካሪ ቲቢ አለመኖሩን ያጣራል። በእግሮች መካከል መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ድንገት ከመጣ ጉዳዩ የድንገተኛ ክፍል እንጂ የተሃድሶ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቱ እንቅስቃሴውን በመጠን ይወስናል፤ ታማሚው ሲሻለው አያበዛም፣ ሲያመው አያቋርጥም። የሥነ ልቦና ባለሙያው «ካጎነበስኩ ወገቤ ይቆረጣል» በሚለው ፍርሃት ላይ ይሠራል። የሥራ ነገርም አይዘነጋም፦ ዕቃ አነሣሥ፣ አቀማመጥ፣ ወደ ሥራ ገበታ ቀስ በቀስ መመለስ።

የአሠራሩ ዋና ጉዳይ ግን የባለሙያዎቹ ብዛት ሳይሆን ቃላቸው አንድ መሆኑ ነው። አንዱ «ዲስክህ አልቋል፣ ተጠንቀቅ» እያለ ሌላው «አጎንብስ፣ ተንቀሳቀስ» ቢል ታማሚው የሚይዘው የሚያስፈራውን ነው። ስለዚህ ቡድኑ በየጊዜው ተሰብስቦ ይመክራል፤ ግቡንም ከታማሚው ጋር ያስቀምጣል።

በ2014 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ያወጣው ግምገማ 41 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሕክምናው ከተለመደው ክትትል ይልቅ ሕመምንና የአቅም ማነስን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ሕመሙን ነቅሎ አይጥልም። ጊዜና ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ የሚገባው ኑሮውና ሥራው ለተናጋበት፣ ሌላው ሕክምና ላልበቃው ሰው ነው፤ ሕመሙ በቅርቡ የጀመረው ሰው ይህ ሁሉ ባለሙያ አያስፈልገውም።