ጣውላም ውሃም መንገድም የሚሰጠው የአርድ ሐይቅ ደን

አበርፎይል በስኮትላንድ ደጋማ አገር መግቢያ ላይ፣ ከግላስጎው ከተማ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ አነስተኛ የገጠር ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተምዕራብ ርዝመቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአርድ ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የመኪና መንገድ ያልፋል። በደቡብ በኩል ያለው አገር ግን ከውሃው ጠርዝ አንሥቶ እስከ ኮረብታው ድረስ ደን ለብሷል። ይህን ደን ማየት የሚፈልግ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ወይም በቢስክሌት መግባት ይኖርበታል።

ለጉዞው ጥሩ መነሻ ሚልተን የምትባለው መንደር ናት። ከዚያ ተነሥቶ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የሚሄደው ጥርጊያ መንገድ ኮረት የለበሰና ሰፊ ነው። የደን መንገዶች የሚሠሩት ግንድ ጭነው ለሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች ስለሆነ አቀበታቸው ብዙም አያስጨንቅም፤ ለቢስክሌተኛ የተመቹትም ስለዚሁ ነው። እግረኛው ደግሞ ከዋናው መንገድ እየተገነጠሉ ወደ ዛፎቹ የሚገቡትን ቀጫጭን መንገዶች ይመርጣል። ቢስክሌተኛው በአንድ ቀን ብዙ አገር ያካልላል፤ እግረኛው ግን ቆም ብሎ የዛፉን ቅርፊት ይዳስሳል፣ የወፉን ድምፅ ያዳምጣል። ሁለቱም የዝናብ ልብስ መያዝ አለባቸው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነፋሱ ጸጥ ሲል ጥቃቅን ትንኞች እንደ ጭስ ተነሥተው ፊትን ይወራሉ።

ሰማዩ ሲጠራ 974 ሜትር ከፍታ ያለው የቤን ሎመንድ ተራራ በስተምዕራብ ይታያል። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የግንብ ፍራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1425 በንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ዘመን በሞት የተቀጣው የአልባኒው መስፍን የመርዶክ ግንብ ነው ይባላል።

አሮጌው ደንና አዲሱ ደን

በውሃው ዳር የሚታዩት የኦክ ዛፎች የቀድሞውን ደን ያስታውሳሉ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ አካባቢ የነበረው የኦክ ደን የሥራ ደን ነበር። ዛፉ በየ20 ዓመቱ ገደማ ይቆረጥና ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ይተዋል። ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ፣ እንጨቱ ደግሞ ለብረት ማቅለጫ ከሰል ይውል ነበር። ቆዳ አልፊዎች ሌላ ማልፊያ፣ ብረት አቅላጮችም የድንጋይ ከሰል ሲያገኙ ኦኩ ዋጋ አጣ።

አዲሱን ደን ያስተከለው ችግር ነው። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የብሪታንያን የባሕር መንገድ ስላወኩት ከውጭ ይመጣ የነበረው እንጨት አነሰ። የማዕድን ጉድጓድ የሚደግፈው ምሰሶ እንኳ አሳሳቢ ሆነ። ከዚህ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1919 የደን ኮሚሽን ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ደን የሸፈነው የስኮትላንድ መሬት 5 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ 19 ከመቶ ያህል ደርሷል። የአርድ ሐይቅ ደንም የዚሁ ሥራ ውጤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም በተሰየመው የደን ፓርክ ውስጥ ተካቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አካባቢው የሎክ ሎመንድና የትሮሳክስ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሆነ።

በብዛት የተተከለው ሲትካ ስፕሩስ የተባለው ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የመጣ ዛፍ ነው። ዘሩን እ.ኤ.አ. በ1831 ወደ ብሪታንያ ያስገባው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት አሳሽ ዴቪድ ዳግላስ ነበር። ሲትካ ዝናብና እርጥብ አፈር የሚችል፣ በ40 ዓመት ገደማ ለመጋዝ የሚደርስ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ እኩል ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ተጠጋግተው ሲያድጉ ከሥራቸው ብርሃን ስለማይገባ ሣርም አበባም እንደልብ አይበቅልም። ቢስክሌተኛው በጠራራ ፀሐይ ሲጓዝ ቆይቶ ድንገት ምሽት የሆነበት የሚመስለው በዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው። በመሆኑም የደን ባለሙያዎች ዛሬ ዛፉን በየክፍሉ በተለያየ ጊዜ እየቆረጡ፣ በጅረቶች ዳር በርችና ኦክ የመሳሰሉ የአገር ዛፎች እንዲበቅሉ ያደርጋሉ።

በደኑ ሥር የሚያልፈው ውሃ

መንገደኛው በዛፎቹ መካከል ከድንጋይ የተገነቡ የአየር መተንፈሻዎችን ሲያይ ምንነታቸውን መጠየቁ አይቀርም። ከሥራቸው የሚያልፈው የግላስጎው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ነው። ግላስጎው እ.ኤ.አ. በ1832፣ በ1848 እና በ1853 በተነሡ የኮሌራ ወረርሽኞች ብዙ ሰው አልቆባታል። ከተማይቱም ከሰሜን ተራሮች ካለው ከካትሪን ሐይቅ ንጹሕ ውሃ ለማምጣት ወሰነች። መሐንዲሱ ጆን ፍሬድሪክ ቤትማን የመራው ሥራ ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1859 በንግሥት ቪክቶሪያ ተመረቀ። 41 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ መስመር ኮረብታውን በዋሻ፣ ሸለቆውን በድልድይ ያልፋል። ውሃው ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ ይወርዳል። ቁልቁለቱም በአንድ ኪሎ ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሁለተኛው መስመር እ.ኤ.አ. በ1901 ተጨምሯል።

የመግባት መብትና ግዴታ

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንኛውም ሰው በእግር፣ በቢስክሌት ወይም በፈረስ በአብዛኛው መሬትና ውሃ ላይ የመዘዋወር መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን መብቱ የሚሠራው ሰውየው ኃላፊነቱን ሲወጣ ነው። ዛፍ በሚቆረጥበት ቦታ የተተከለውን ማስጠንቀቂያ ማክበር፣ በተቆለለ ግንድ ላይ አለመውጣት፣ በር ከፍቶ አለመተው የእርሱ ድርሻ ነው። ከድራይመን ወደ አበርፎይል የሚያመራው ብሔራዊ የቢስክሌት መንገድ ቁጥር 7 እና ሮብ ሮይ የተባለው ረጅም የእግር መንገድ በዚሁ አካባቢ ያልፋሉ። ለገጠሩ ነዋሪ ይህ ትርፍ አለው። ግንዱ ሲቆረጥ ሥራ የሚገኘው በየዓመታቱ ተራ ሲደርስ ነው፤ እንግዳው ግን ግንዱ ቆሞም ሳለ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ያድራል።

ዛሬ ደኑን የሚያሰጋው በዓይን የማይታይ ጠላት ነው። ፋይቶፍቶራ ራሞረም የተባለው በሽታ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በስኮትላንድ ላርች በተባለው ዛፍ ላይ እየተዛመተ ነው። ላርች በመጸው ቅጠሉ ወርቅ መስሎ ኮረብታውን የሚያደምቅ ዛፍ ነው። በሽታው በዝናብና በነፋስ ይጓዛል፤ በጫማና በጎማ ላይ በተጣበቀ ጭቃም ይተላለፋል። የተያዘ ዛፍ ከተገኘ በሕግ ትእዛዝ ከነአካባቢው ይቆረጣል። ዕድሜውን ያልጨረሰ ዛፍ ሲወድቅ ባለደኑ ይከስራል፣ መንገዱም ለጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ እግረኛው ጫማውን፣ ቢስክሌተኛውም ጎማውን ከደኑ ሲወጣ ጠርጎ እንዲያጸዳ ይመከራል።

ከአበርፎይል አጠገብ ባለችው የዱን ኮረብታ አናት ላይ በኦክ ዛፎች የተከበበ አሮጌ ጥድ ቆሟል። የአበርፎይል ቄስ የነበሩት ሮበርት ከርክ እ.ኤ.አ. በ1692 በዚህች ኮረብታ ላይ ሲሞቱ፣ የአገሩ ሰው የኮረብታው መናፍስት ወሰዷቸው ብሎ አወራ። ዛሬም ጎብኚዎች ምኞታቸውን ጽፈው በዛፎቹ ላይ ያስራሉ። የአርድ ሐይቅ ደን ግን በምኞት ብቻ አልበቀለም። አንድ ትውልድ ለጣውላ ተከለው፤ ሌላው መንገዱን ለእንግዳ ከፈተ፤ የሚቀጥለው እንዲያገኘው ደግሞ ከእያንዳንዱ መንገደኛ የሚፈለገው ጫማን አራግፎ መሄድን ያህል ቀላል ነገር ነው።