ንግሥቲቱ፣ የኢማሙ ባለቤትና ፈታይዋ፦ ሴቶች በታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሉማሜ፣ አንዲት ወጣት መምህርት ልትጽፈው ስላሰበችው ልብ ወለድ ፈትዋ ቢጤ ጠይቃኝ ነበር። ታሪኩ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በዚያው አገር የሚፈጸም ሲሆን፣ አንዲት የባላባት ልጅ፣ አንዲት የሙስሊም ነጋዴ ሚስትና በነጋዴው ቤት የምታገለግል ባሪያ አሉበት። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ «በእውነት የኖረን ሰው ያልተናገረውን ማናገር ከውሸት ይቆጠራልን?»

መልሱን ከመድረሳ ትምህርት መጀመር ይሻላል። በ597 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ ስለ ተረት ነጋሪ ሰባኪዎች ለብቻው መጽሐፍ ጽፈዋል። ወቀሳቸው በተራኪነቱ ላይ አልነበረም፤ የፈጠራ ወሬን የታመነ ዘገባ አስመስሎ ለሕዝብ በሚያቀርበው ላይ ነበር። በአንጻሩ በ516 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አል-ሐሪሪ «መቃማት» በተሰኘው ሥራቸው አቡ ዘይድ የተባለ አታላይ ለማኝ ፈጥረው በየከተማው አንከራተውታል። መጽሐፉም ለዘመናት በመድረሳዎች ሲነበብና ሲተነተን ኖሯል። ሐሪሪ ራሳቸው በመቅድማቸው ላይ፣ እንስሳት ሲናገሩ የሚያሳዩ ምሳሌያዊ ተረቶችን ማን ነቀፋቸው ሲሉ ይከራከራሉ። ስለዚህ ወሰኑ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊውም አንባቢውም ነገሩ ፈጠራ መሆኑን ካወቁ ማታለል የለም። ማታለል የሚመጣው ሰነዱ የተናገረውን ገልብጦ ሰነድ ነው ሲሉ ነው።

ይህን ካልን ዘንድ፣ የአማርኛው ልብ ወለድ እስካሁን ምን ሠርቷል? ጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የተጀመረው በሴት ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ሃይማኖቱ ሌላ በሆነ ንጉሥ ቤትም ትገባለች። መጨረሻው የታወቀ ነው፤ ንጉሡ ሃይማኖቷን ተቀብሎ ያገባታል። ጅማሬው ደፋር ነው። ፍጻሜው ግን ልዩነትን የሚፈታው በማጥፋት መሆኑ ዛሬም ያሳስበኛል። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌልንና ልጇን ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችውን ባላገር ውድነሽን አጠገብ ለአጠገብ አቁመው፣ የመደብን ልዩነት ማንም ባልደረሰበት ጥልቀት አሳዩ። ሙስሊም ሴት ግን በመጽሐፉ መሐል የላትም ስፍራ። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን ለሚቀጥለው ጸሐፊ ክፍት የቀረውን ወንበር ለማመልከት ነው።

ወንበሩ ደግሞ ባለቤት አላጣም። ከሉማሜ በሰሜን ምሥራቅ፣ በእነብሴ፣ መርጡለ ማርያምን ያሳነጹት ንግሥት እሌኒ የሐድያው ገራድ መሕመድ ልጅ ነበሩ፤ በሙስሊም ቤት ተወልደው በክርስቲያን ቤተ መንግሥት ያረጁ ሴት። ወንድማቸው ማሒኮ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ላይ ሲያምፅ አጎታቸው ባሞ ከንጉሡ ጋር ወገኑ። ዜና መዋዕሉ የዘመቻውን ነገር ይተርካል፤ እኅት በዚያ ሰሞን እንዴት እንዳደረች ግን አይነግረንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ የሚቀጥለው ትውልድ ነው። እሌኒ በሞግዚትነት ያሳደጓቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በወጣትነታቸው የዘይላዕን ገዥ ኢማም ማሕፉዝን ድል ነሡ፤ ማሕፉዝም በዚያው ጦርነት ሞቱ። የማሕፉዝ ልጅ ባቲ ድል ወንበራ ናቸው፤ የኢማም አሕመድ ባለቤት። ዐረብ ፈቂህ በ«ፉቱሑል ሐበሻ» እንደዘገቡት፣ ሴት ከጦር ጋር አትሂድ ተብሎ ቅሬታ ቢነሣም ድል ወንበራ አልቀሩም፤ ነፍሰ ጡር ሳሉ ሰዎች ተሸክመዋቸው ገደሉን ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1531 እና በ1533 ሁለቱን ልጆቻቸውን መሐመድንና አሕመድን የወለዱት በዘመቻ ላይ ነው።

በሌላው ወገን የልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል አሉ። ስሟን በሐዲስ ልብ ወለድ ውስጥ የለመድናት ልጅ ስመ ጥንታዊ ሞክሼ አላት ማለት ነው። ልጃቸው ሚናስ በኢማሙ እጅ ወደቀ። ከከፋ ዕጣ ያዳኑት ድል ወንበራ እንደሆኑና ልጃቸውን እንደዳሩለት ይተረካል። በኋላ ግን ወደ የመን፣ ወደ ዘቢዱ ፓሻ ተላከ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1543፣ በ949 ዓመተ ሂጅራ፣ ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ ተማረከ። ልጅ በልጅ ተለወጠ፤ ሚናስ ወደ እናቱ፣ መሐመድም ወደ እናቱ ተመለሱ። ሚናስ ኋላ ነገሠ፤ ድል ወንበራም ኑር ኢብኑ ሙጃሂድን አገቡ፤ ኑርም በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን ገደሉ።

ሁለት እናቶች፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ስምምነት። በመካከላቸው የሄደው መልእክት ቃል በቃል አልተጻፈም። ሐሪሪ የከፈቱት በር ለዚህ ይበቃል፤ ደራሲ የእናቶቹን ቃል ሊፈጥር ይችላል። ልውውጡ አልተደረገም ሊል ግን አይችልም።

ወደ ሉማሜዋ መምህርት ልመለስ። ንግሥታትስ ቢያንስ ስማቸው ተርፏል፤ የእርሷ ሰዎች ግን ዜና መዋዕል አልነበራቸውም። መነሻ የሚሆናት በቅርብ ያለው የጁቤ ነው፤ ሙስሊም ነጋዴዎች ይመላለሱበት የነበረው ታላቁ የባሶ ገበያ። ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት የራቀ ስለነበረ ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ነበሩ። እንዝርት ግን የሁሉም ሴት ነበር፤ የባላባቷም፣ የነጋዴ ሚስትም፣ የባሪያዋም። ሦስቱን ሴቶች ባንድ ባዘቶ ማገናኘት የሚቻለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1878 የቦሩ ሜዳው ጉባኤ ሙስሊሙን ወደ ክርስትና የሚያስገድድ ውሳኔ ባወጣ ጊዜ፣ ያቺ የነጋዴ ሚስት ምን ልታደርግ ነበር? ባሏ ቢጠመቅስ?

ለባሪያዋ ደግሞ ፊቅህ ራሱ ሴራ ይሰጣል። ለጌታዋ ልጅ የወለደች ባሪያ «ኡሙ ወለድ» ትባላለች፤ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ አትሸጥም፤ ጌታዋ ሲሞት ነፃ ትወጣለች። ሕጉ በመጽሐፍ አለ። ነጋዴው ዕዳ በተያዘበት ቀን የጁቤ ገበያ ላይ ማን ያነብለታል? ይህን ስነግራት መምህርቷ ደብተሯን አውጥታ «ኡሙ ወለድ» የሚለውን ጻፈችና፣ እስካሁን ስም ያላወጣችላት ያቺ ባሪያ ብቻ እንደነበረች ነገረችኝ።